በሰው አንደበት ከርሜ

ሰኔ 15፣ እሑድ

ዛሬ ስሰብክ ዋልኩ፤ ከራሴ አንዲት ቃል ሳላወጣ።

የከሰዓቱ ጉባኤ ሊጀመር ሲል ሽማግሌያችን ኦቦ ጉደታ ወደ ጎን ወሰዱኝና፣ እንደ ወትሯቸው በኦሮምኛ መምህርት ብለው፣ «በርሲስቱ፣ የአማርኛ አስተርጓሚያችን አሞታል። አንቺ የአማርኛ መምህርት አይደለሽ? ሜ፣ እስቲ ለዛሬ ብቻ» አሉኝ። ለዛሬ ብቻ ተብሎ የተጀመረ ነገር በዛሬ ሲያልቅ አይቼ አላውቅም።

ስብከቱ በኦሮምኛ ነው። ወደ አማርኛ የሚተረጎመው ከሌላ ክፍለ አገር ተመድበው ለመጡ ጥቂት ሠራተኞችና ተማሪዎች ሲባል ነው፤ እነሱ በግራ በኩል ፊት ይቀመጣሉ። የቀረው ነቀምቴ ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚያውቅ አንዱን ስብከት ሁለት ጊዜ ይሰማል። ሲሰለቸውም ሁለት ጊዜ ነው።

ሰባኪው ወንጌላዊ ቀነአ ይባላል፤ ለክረምቱ ከጊምቢ መጥቶ ነው። ረጅም አይደለም። መልከ መልካምም አልለውም። ክረምቱን ሙሉ የሚያስተምረው በአንድ ርዕስ ነው፤ ልቅ ምኞትና በእግዚአብሔር ላይ መማገጥ። በብሉይ ኪዳን ካለችው፣ ቤቷን ትታ ወዳጆቿን ከተከተለችው የነቢይ ሚስት ታሪክ ጀመረ። እግዚአብሔር ሕዝቡን እንደዚያች ሴት ነው የሚያየው፤ ከድታው እንኳ ሚስቴ ናት ይላል።

ኦቦ ጉደታ አስቀድመው ሕጉን ነግረውኛል። «እሱ እኔ ካለ አንቺም እኔ በዪ። እንዲህ ይላል አትበዪ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። ቧንቧ ውኃውን አይጠጣም።» እናም ሰባኪው በሴትየዋ ቦታ ሆኖ «ቤቴ ሰለቸኝ» ሲል፣ እኔም ማይኩን ይዤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ቤቴ ሰለቸኝ» አልኩ።

ማታ ለባሌ ነገርኩት። ሞረዳ በስልክ ሳቀ፤ «ጎበዝ» አለ፤ ከዚያ ስለ ማዳበሪያ ማውራት ጀመረ። የግብርና ባለሙያ ማግባት እንዲህ ነው። ክረምት ሲመጣ እሱ ኑኑ ቁምባ ወረዳ ከገበሬዎቹ ጋር፣ እኔ ትምህርት ቤት ተዘግቶብኝ እዚሁ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ ከግድግዳው ጋር። ልጅ ቢኖረን ቤቱ እንዲህ ባልሰፋ።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ወንጌላዊ ቀነአ ሐሙስ ሐሙስ ጥቅሶቹን አስቀድመን አብረን እንድናያቸው ጠየቀኝ። ለትርጉሙ ጥራት ሲባል ነው። በጽሕፈት ቤቱ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ። ኦቦ ጉደታ ወንድና ሴት በዝግ በር እንዲቀመጡ አይፈቅዱም። ዝናቡ እስከ ጠረጴዛው እግር ገባ፤ በሩን የዘጋ ግን የለም።

ሥራ ነው የሠራነው።

አረንጓዴውን ሹራብ የለበስኩት ስለበረደኝ ነው።

ሰኔ 22፣ እሑድ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ጥሩ ሆነልን። እሱ ትንፋሽ ሲወስድ እኔ እጀምራለሁ፣ እኔ ሳበቃ እሱ ይቀጥላል፤ ሁለት ሰው በአንድ መጋዝ ግንድ ሲቆርጥ እንዳለው። ጫንያለው የሚባለው የባንክ ሠራተኛ፣ የጎጃም ልጅ፣ «እህት የሺአረግ፣ ነቀምቴ ከመጣሁ ስብከት ገና ዛሬ ገባኝ» አለኝ።

የቀድሞው አስተርጓሚ ተሽሎታል አሉ። ጌታ ይመስገን። ትንሽ ይረፍ እንጂ፤ ምን አስቸኮለው?

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ኑሪያ በር ላይ ያዘችኝ። ግቢያችን ውስጥ ከእኛ ቤት ቀጥላ የምትኖር ተከራይ ናት፤ ገበያ ላይ ቅመም ትሸጣለች። እንደ አባቴ የወሎ ሰው ስለሆነች ልክ እንደ አክስት ትናገረኛለች።

«አንቺ፣ ይኸ ሐሙስ ምንሽ ነው? ለበዓል እንኳ እንዲህ አታምሪም።»

«ለአገልግሎት ነው» አልኳት።

«እኛም እንሰግዳለን የኔ ዓለም። ለስግደት ግን መስታወት ፊት አንመላለስም፣ ወላሂ!»

ሁለታችንም ሳቅን። መንገድ ላይ ስደርስ ሳቄ ጠፋ። ሰው ለጌታ ቤት ንጹሕ ለብሶ ቢሄድ ምን ነውር አለው?

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ሞረዳ ደወለ። ስለ ተምች አወራኝ። ትሉ በቆሎውን ከውስጥ ነው አሉ የሚጀምረው፤ ቅጠሉ እስኪበሳ ድረስ ገበሬው አያውቅም። እኔ ስሰማ የነበረው እሑድ ስለሚሰበከው ምዕራፍ እያሰብኩ ነው።

«እሑድ ልምጣ?» አለኝ።

«መንገዱ ጭቃ ነው፤ አትምጣ» አልኩት። «ደሞ መኪናው ተንሸራቶ ምን ልትሆን ነው?»

«ኤዬ፣ አዎ፣ ጭቃ ነው» አለና ደህና እደሪ ብሎኝ ዘጋ።

ለእሱ ብዬ ነው። አምና በሐምሌ እዚያ መንገድ ላይ መኪናው ጭቃ ይዞት በረሃብ አድሯል። ለእሱ ብዬ ነው።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ከጉባኤው በኋላ ወንጌላዊ ቀነአ እጁን ዘርግቶ «ጌታ ይባርክሽ፣ እህቴ። አንቺ ባትኖሪ ለእነዚህ ሰዎች ዲዳ ነበርኩ» አለኝ።

አንቺ ባትኖሪ ዲዳ ነበርኩ።

ራት አልበላሁም፤ አላሰኘኝም። አንቺ ባትኖሪ ዲዳ ነበርኩ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ሐሙስን መጾም ጀምሬያለሁ። ነፍሴ ተርባለች፤ ሥጋዬ ዝም ይበል ብዬ ነው።

ማታ ለጸሎት ተንበረከክሁ። ከአፌ የሚወጣው ሁሉ በእሱ አነጋገር ነው። እሱ በሚያቆምበት አቆማለሁ፣ እሱ በሚደግመው እደግማለሁ። «ጌታ ሆይ፣ ድምፅህን አሰማኝ» አልኩ፤ የመጣልኝ ድምፅ የጊምቢ ቅላጼ ያለው ነው። ደነገጥሁ። ከዚያ፣ እግዚአብሔር በባሪያው በኩል ይናገር የለም እንዴ ብዬ ራሴን አሳመንኩና ተኛሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም፤ ይኸው መብራት አብርቼ እጽፋለሁ።

ሞረዳ መጀመሪያ ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን ያመጣኝ ቀን ትዝ አለኝ። ጉቴ አጠገብ፣ አባቴ በሰፈረበት መንደር ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ የማውቀው ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ነበር። በሽንኩርት ዋጋ መከራከር እችላለሁ፤ ጸጋ፣ ጽድቅ፣ ንስሐ የሚሉትን ቃላት ግን አልሰማም። ሞረዳ አጠገቤ ተቀምጦ ስብከቱን በጆሮዬ በአማርኛ ያንሾካሹክልኝ ነበር። አማርኛው! «እግዚአብሔር አንቺን ወደዳት» ይለኛል። ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነክሼ እቀመጥ ነበር። ጌታን ያገኘሁት በዚያ በተሰበረ አማርኛ ነው።

ይህን ለምን እንዳነሣሁት እንጃ። ነገ እደውልለታለሁ።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

አልደወልኩም። ኔትወርክ አልነበረም። ዓርብ አልነበረም ማለቴ ነው።

መዝሙር ሲለማመዱ ወንበር ልደረድር ሄጄ፣ ሁለት መዘምራን ከመጋረጃው ወዲያ ሲያወሩ ሰማሁ። በኦሮምኛ ነው።

«ሳይናገር ትጨርስለታለች እኮ።»

«አስተርጓሚ አይደለች?»

«ሚስቱ እንኳ እንዲህ አትቀድመውም።»

«ሚስት የለውም።»

«እሱ ባይኖረውም እሷ ባል አላት።»

ሳልኩ። ጸጥ አሉ። ቅናት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከጧፍ ይልቅ ምላስ ይነድዳል። አገልግሎቴን ለጌታ ነው የምሰጠው።

ሚስት እንደሌለው እኔ በምን አውቃለሁ? ጠይቄ አላውቅም። ኦቦ ጉደታን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ስለሚያርፍበት ቤት ስናወራ በጨዋታ መሃል።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ዛሬ ስለ ጣዖት ሰበከ። «ሰው ወደ ጣዖት የሚሄደው እግዚአብሔርን ጠልቶ አይደለም፤ ቶሎ የሚመልስለት ፈልጎ ነው» አለ። እንዲህ አድርጌ ወደ አማርኛ መለስኩት፦ «ሰማይ ሲዘገይበት ደጃፉ ላይ የቆመውን ያመልካል።» ያማረ አማርኛ ሆኖ ወጣልኝ። ጫንያለው አንገቱን ነቀነቀ፤ ቀነአም ዘወር ብሎ ፈገግ አለልኝ። በአማርኛዬ ስደሰት ነገሩ ራሱ አለፈኝ።

መጨመር አይፈቀድም ነበር። ትንሽ ነው የጨመርኩት።

ሞረዳ ደውሎ ነበር። ልምጣ አላለም።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ማስታወቂያውንም የምተረጉመው እኔ ነኝ። የሴቶች ጸሎት። የመዋጮ ቀን። የጋብቻ ማስታወቂያ።

ኦቦ ጉደታ ያነባሉ። ልቤ ሳይሰማው አፌ ተረጎመው።

«ወንጌላዊ ቀነአና እህታችን ሊሊሴ በጋብቻ ሊጣመሩ ስለሆነ ተቃውሞ ያለው ለሽማግሌዎች ያቅርብ። ማስታወቂያው በቀጣዮቹ ሁለት እሑዶችም ይነበባል።»

እኔ ነኝ ያልኩት። በጥሩ አማርኛ።

እልልታ። ሊሊሴ ከመዘምራኑ መሃል ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም።

ከዚያ ሰበከ። ተረጎምኩ። አልጨመርኩም። አልቀነስኩም።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ጉንፋን ይዞኛል። ስልኩ ጠራ፤ ሞረዳ ነው። አላነሣሁም። ጉሮሮዬን አሞኛል። እንደገና ጠራ።

ኑሪያ አጥሚት አምጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አየት አደረገችኝና «ጉንፋንስ በአፍንጫ ነው የሚወጣ፤ ያንቺው በዓይን ነው» አለችኝ። ግድግዳውን አየሁ። ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ወጣች። ይህች ሴት ዝም ስትል ታስፈራለች።

ቀነአ ምን አደረገኝ? ምንም። ከሰላምታ ውጪ እጄን አልነካም። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ የምከሰው ሰው የለኝም። ማንም ያልጋበዘኝ ድግስ ላይ ለብሼ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ልጸልይ ሞከርኩ። የእሱ ድምፅ ከጸሎቴ ሲወጣ የቀረ ነገር የለም። ክረምቱን ሙሉ ከማን ጋር ስነጋገር ነበር? ብቸኝነት ማለት ሞረዳ ሩቅ ሲሆን ይመስለኝ ነበር።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ዛሬ ሐሙስ ነው። አልሄድኩም። እሑድ ማስታወቂያውን ሁለተኛ ጊዜ ተርጉሜዋለሁ።

ኦቦ ጉደታ ዣንጥላቸውን አራግፈው ገቡ። «መል ታቴ፣ በርሲስቱ? ምን ሆንሽ? የመጨረሻውን ስብከት ለሌላ ሰው ልስጠው? ቧንቧም ይዝጋል፤ ዕረፍት ይፈልጋል።»

«የለም ኦቦ፤ ጉንፋን ነው። የጀመርኩትን እኔው ልጨርሰው።»

ተቀምጠው አዩኝ። ጸልየውልኝ ሄዱ። ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት ይባላል፤ የኔን ዓይነቱን ይዞ ማይክ መጨበጥ ምን ይባል ይሆን? እምቢ ያልኩት ግን ለክብሬ ነው። ብቀር ወሬው ይረጋገጣል። እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ አጠገቡ ልቁም ብዬ ነው።

ነሐሴ 25፣ እሑድ

እንዴት እንደሆነ ዛሬውኑ ልጻፈው፤ ነገ መልኩን ሳልቀይረው።

ስብከቱ ስለ መመለስ ነበር። ነቢዩ ሚስቱን ፍለጋ ወጣ፣ ከወደቀችበት አነሣት፣ ወደ ቤቱ አመጣት። አልሰደባትም። ቀነአ መጨረሻው ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሁን ዓይናችንን እንጨፍን፤ እያንዳንዱ የልቡን ለጌታ ይንገር» አለ። ተረጎምኩ። ዝም አለ። ጉባኤውም ዝም አለ። የሚሰማው ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው።

ዓይኔን ጨፍኜ ማይኩን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ክረምቱን ሙሉ እሱ ሲያቆም እኔ ስጀምር ነው የከረምኩት። አሁንም አቆመ። እኔም ጀመርኩ።

«ጌታ ሆይ፣ አንተን የምፈልግ መስሎኝ ሰው ስፈልግ ከረምኩ። ቃልህ ሲነገር የሰማሁት የተናጋሪውን ድምፅ ነው። በስምህ ለበስኩ፣ በስምህ ጾምኩ፣ በስምህ ሐሙስን ናፈቅሁ። የራሴ ሰው ልምጣ ሲለኝ በሰበብ መለስኩት። አሁንም ያንን ሰው ባየው ደስ ይለኛል። ይህን ልብ ምን ላድርገው? እኔ አልቻልኩም። አንተ አውጣኝ።»

ከግራ በኩል ጫንያለው ሞቅ አድርጎ «አሜን!» አለ። በዝናቡ ጩኸት መሃል ሰባኪው የተናገረው መስሎታል። እኔ ስል የሰባኪው እኔ እንደሆነ ነዋ የለመደው።

ሌላው ጉባኤ ግን ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል። ኦሮምኛ እንዳልቀደመው ሁሉም ያውቃል።

ዓይኔን ስከፍት ቀነአ እያየኝ ነው። ቁጣ የለበትም፤ ምንም ያልጠረጠረ ሰው ድንጋጤ ነው ፊቱ ላይ ያለው። ሊሊሴ አንገቷን ደፍታለች። ኦቦ ጉደታ መጥተው ማይኩን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱ፤ ከሕፃን እጅ ቢላ እንደሚወስድ ሰው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ስጀምር አውቄ ነበር መሰለኝ። ማቆም እችል ነበር።

በመሃል ስወጣ ሰው ሁሉ እግሩን ሰበሰበ። በሩ አጠገብ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ እሸት በቆሎ የሞላ ማዳበሪያ በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ሞረዳ ተቀምጧል። ጫማው ላይ ጭቃ አልነበረም። በዚያ ሰዓት ለምን ጫማውን እንዳየሁ አላውቅም።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ሳሎን አግዳሚው ላይ አደረ። እኔም እንቅልፍ አላየሁም፤ እሱም አላየም፤ አግዳሚው ሲንቋቋ አደረ።

ጠዋት በቆሎውን ራሱ ከሰል ላይ ጠብሶ አንዱን ሰጠኝ። ቤት ውስጥ የምናወራው በኦሮምኛ ነው። ዛሬ ግን በአማርኛ ጀመረ፤ በዚያ በተሰበረው።

«ስልክ አላነሣሽም። ታመመች አልኩ። መጣሁ።»

«ትናንት ያልኩትን…»

«ሰማሁት። ሁሉን ሰማሁት።»

«መንገዱስ እንዴት ነበር?» አልኩት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

በቆሎውን አስቀመጠ። «መንገዱ ጭቃ የለም፣ የሺ። በሰኔ ጠጠር አፈሰሱበት። ሁሉ መኪና ይገባል።»

«ታዲያ አትምጣ ስልህ ለምን አልነገርከኝም?»

«መንገዱ ላይ የምኖር እኔ ነኝ። አንቺ ጭቃ ነው አልሽ። እኔም ጭቃ ነው አልኩ።» ቃሉን እየፈለገ ቆየ። «ና እስክትዪ ጠበቅሁ።»

ያኔ አለቀስኩ። ተምችና ማዳበሪያ ብቻ የሚያወራ ደረቅ ሰው ነው እያልኩ ክረምቱን ሙሉ ስንቀው የከረምኩት ሰው፣ ውሸቴን ይዞልኝ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። አልሰደበኝም። አልነካኝምም። ከሰዓት ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። «ትመጣለህ?» ስለው «እንጃ» አለ፤ ይህንንም በአማርኛ።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ሽማግሌዎቹ ለጊዜው ከአገልግሎትና ከቁርባን እንድቆይ ነገሩኝ። ኦቦ ጉደታ ሲነግሩኝ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ልክ ናቸው አልኳቸው። ቀነአ ወደ ጊምቢ ተመልሷል፤ ሠርጉም እዚያው ነው።

ኋላ ተቀመጥኩ። የቀድሞው አስተርጓሚ ተመልሷል፤ አማርኛው ከሞረዳ ብዙ አይሻልም። አጠገቤ ሰው አልተቀመጠም። ጉባኤው ሲበተን ጫንያለው መጥቶ ሊጨብጠኝ እጁን ዘረጋ፤ ነገሩን ነግረውታል፤ «በርቺ» ብሎኝ ሄደ።

ማታ ተንበረከክሁ። «እኔ» አልኩ። የሰባኪው አልነበረም፣ የነቢዩ ሚስትም አልነበረም፤ የኔው ነበር፤ ደረቅና ትንሽ። ምንም መልስ አልመጣም፤ የሚሰማ ድምፅም የለም። ደጋግሜ በደልኩህ አልኩት። ያ ዝም ያለው ግን ሰምቶ ዝም እንዳለ እንጂ ትቶኝ እንደሄደ አልመሰለኝም። እስክመጣ እየጠበቀኝ ይሆናል ብዬ አለቀስኩ።

ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

መናኸሪያ። መኪናው እስኪሞላ።

ኑሪያ በርበሬና ኮረሪማ አስይዛኛለች። «ቤቱን እኔ እጠብቅልሻለሁ፤ ብቻ ባዶ እጅሽን አትግቢበት» አለችኝ።

ትናንት ለሞረዳ ደወልኩ። ብዙ ጠርቶ አነሣው።

«ና ልልህ አይገባኝም» አልኩት። «ልምጣ?»

ከኋላው የሰው ድምፅ፣ የላም ድምፅ ይሰማል። ከዚያ እሱም ጠፋ፤ የዘጋው መሰለኝ።

«መንገዱ ጭቃ ነው» አለኝ።

ጠጠር እንደፈሰሰበት የነገረኝ ራሱ ነው፤ አትምጪ ግን አላለኝም።

«ኤዬ፣ ጭቃ ነው» አልኩት።

ረዳቱ ኑኑ ቁምባ፣ ኑኑ ቁምባ እያለ ነው። መኪናው ሞላ።